ገጹ ሞልቷል ያልኩሽ ቀን

ውዴ ጥሩወርቅ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ሦስቱም ያማሩ ነበሩ፤ የቀደድኳቸውም ስላማሩ ነው። ያሁኑን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ። የምነግርሽ ያፈርኩበትን ነገር ስለሆነ ማሳመሩ ሌላ ጥፋት ይሆንብኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሰፈራችን ጉትሎይትፊርቴል ያው ነው። ከፊት ለፊታችን ያለውን ሕንፃ ቀለም ቀብተውታል፤ አንቺ የማትወጂው ዓይነት ግራጫ። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት ተዘግቶ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ሦስተኛ ፎቅ የነበሩት አሮጊት ልጃቸው ጋ ገቡ። ሲሄዱ የበረንዳቸውን አበባ በሙሉ ለእኔ ትተውልኝ ነበር፤ ውሃ አብዝቼበት ግማሹ ሞተ። ልብስ ማጠቢያውን ግን አሁን በደንብ እሠራበታለሁ። ነጩን ከቀዩ ጋር ቀላቅዬ ሸሚዞቼ ሁሉ ሮዝ ከሆኑ በኋላ ነው የተማርኩት። ሐና ያን ቀን ስቃ ስቃ እንባዋን በእነሱው ሸሚዞች ጠረገች።

ልጃችን ደህና ናት። አሁንም እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። በየእሑዱ ትመጣለች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ምን እንደበላሁ ትመረምራለች። በዚህ አንቺን ወጥታለች።

ከዕለታት አንድ እሑድ ሐና አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ነው የጻፈላት። በዚህች ከተማ ከእነሱ በኋላ ለመጡት በር የከፈቱ ጥቁር ሰዎችን የሚያሳይ ትንሽ ኤግዚቢሽን እያዘጋጁ ነበር፤ የአንቺን ሕይወት በአንድ ገጽ እንድትልክላቸው ጠየቋት። «ፓፓ፣ በቀብሯ ቀን የተነበበውን ወረቀት ስጠኝ። እሱን ወደ ጀርመንኛ እመልሰዋለሁ፤ ሌላ መጻፍ አያስፈልግም» አለችኝ። ወረቀቱ የት እንዳለ እንደማላውቅ ነገርኳት። ከመሳቢያው ውስጥ ራሷ አወጣችው።

ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ አነባበቧን ታውቂዋለሽ። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ጨርሳ ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባውን አየች። ባዶ ነበር። ከዚያ ያለ ቁጣ፣ ሰው ሰዓት እንደሚጠይቅ ሆና፣ «ፓፓ፣ ይቺ ሴትዮ ደስ ትላለች። ማን ናት?» አለችኝ።



በእኛ ደንብ ሟች ከመቀበሩ በፊት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ፍራንክፈርት ባለነው መካከል ያንን ታሪክ የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄሱ ጋ ይደወላል፣ ቀጥሎ እኔ ጋ። ከማን እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ መቼ እንደተሰደደ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ ዓይኔን ጨፍኜ እደረድረዋለሁ። የአንቺንም በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «በጀርመን አገር በአንድ ታላቅ ድርጅት በአስተዳደር ዘርፍ ለረጅም ዓመታት በቅንነት ያገለገለች፣ በማኅበራዊ ጉዳዮችም ንቁ ተሳታፊ የነበረች፣ ለባሏ ታዛዥ፣ ለልጇ ርኅሩኅ እናት ነበረች።» ይኸው ጽሑፍ በወሩ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ከፎቶግራፍሽ ጋር ወጣ።

አንቺ በአስተዳደር ዘርፍ አልሠራሽም። ጽዳት ሠራተኛ ነበርሽ። ይህን ቃል ስለ አንቺ በአማርኛ ስጽፈው ዛሬ በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ይህም ደብዳቤ በዚያው ጋዜጣ ስለሚወጣ፣ አንቺን የማያውቅ ሰውም ስለሚያነበው፣ የተውኩትን እንደ ሙያዬ በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍሉግሃፈኑ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው፣ ብዙም በማይርቅ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ታጸጂ ነበር። ሕንፃው ሰፊ ካንቲን ነበረው። የጽዳት ሴቶች ግን በሥራ ልብሳቸው እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ አልነበረም፤ ልብሱ ይሸታል ተብሎ በቃል የተላለፈ ነበር። ስለዚህ ምድር ቤት፣ ባልዲዎቹ ከሚቀመጡበት ክፍል አጠገብ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣችሁ ትበሉ ነበር።

ሔልጋም ከእናንተ አንዷ ነበረች። ሔልጋ እዚሁ ፍራንክፈርት ከጀርመን እናትና ከጦሩ ጋር ከመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር የተወለደች ናት። አባቷ ገና ሳትወለድ አገሩ ተመልሷል፤ አክስቷ ግን ከአሜሪካ እየቆረጠች የምትልክላትን የጋዜጣ ፎቶግራፎች በካርቶን ታስቀምጥ ነበር። አንዱ ላይ ጥቁር ወጣቶች አናስተናግድም በተባሉበት ምግብ ቤት፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎች ራሳቸው ላይ ስኳር ይደፉባቸዋል። ሔልጋ ይህን ደረጃው ላይ አሳየችሽ። አንቺም ተውሰሽ አመጣሽውና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍሽው።

እኔ ምን አደረግኩ? ደስ አለኝ። በወር አንዴ የምናወጣው ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ፤ በየዓመቱ የካቲት ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ ለጥቁር መሪዎች እመድብ ነበር። ለመብት የታሰሩትን፣ የተደበደቡትን፣ ምክር ቤት ለመግባት የመጀመሪያ የሆኑትን በሌሊት ሳይቀር እያነበብኩ የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ያን ፎቶግራፍ ከማቀዝቀዣው ላይ አንስቼ ለእትሙ ተጠቀምኩበት። ለምን እንደሰቀልሽው አልጠየቅኩሽም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አሥራ አንድ ሴቶች ሰማያዊ የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ፣ ምሳ ዕቃችሁን ይዛችሁ፣ ቀትር ላይ ካንቲኑ ገብታችሁ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጣችሁ። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም ገባችሁ። በሦስተኛው ቀን ቤት ስትደርሺ ጫማሽን ሳታወልቂ እኔ ጋ መጣሽ። «ጻፍልን። የኛ ሰው ይወቅ። አራቱ እኮ የኛው ልጆች ናቸው፤ ፈርተዋል፤ ጋዜጣ ላይ ቢያዩት ይበረታሉ» አልሽኝ። እኔም ፊቴን ከጽሕፈት መኪናዬ ሳላነሳ «የዚህ ወር ገጹ ሞልቷል» አልኩሽ።

ገጹ አልሞላም ነበር። ግማሽ ገጽ ባዶ ነበረኝ። የሞላሁትም በሩቅ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ ስለገባች አንዲት ጥቁር ሴት በመጻፍ ነው። ጋዜጣው ሲወጣ ቆመሽ አነበብሽው። «ደህና ጽፈሃል። ‹እናቷ የሰው ቤት እየጠረገች ያሳደገቻት› ብለሃል። የሷ እናት ስትሆን ያኮራል ማለት ነው?» ብለሽ አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽልኝ። ሁለተኛ አላነሳሽውም። እኔም አላነሳሁትም።

ያለ እኔ አሸነፋችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ክልከላው ቀረ። በሚቀጥለው ምርጫ የሠራተኞች ምክር ቤት ውስጥ ገባሽ፤ ከዚያም ሰብሳቢ ሆንሽ። ዜግነት ስታገኚ ደግሞ ለሰፈራችን ምክር ቤት፣ ለኦርትስባይራት ተወዳደርሽ። ፎቶግራፍሽ ያለበት ፖስተር መንገዳችን ላይ የመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ ስምሽ፣ ከስምሽ ሥር «ጽዳት ሠራተኛ» የሚል ነበረበት። እንዲህ እንዲጻፍ የፈለግሽው አንቺው ነሽ። እኔ በእነዚያ ሳምንታት ወደ ባቡር ጣቢያ የምሄደው በወንዙ በኩል ዞሬ ነበር። መንገዱ ይረዝማል። ለምን እንደዞርኩ ስትጠይቂኝ ለጤና ነው አልኩሽ።

ተመረጥሽ። የመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ሔልጋ መጥታ ከተመልካቾቹ ወንበር ላይ ሆና እንዳለቀሰች ነግረሽኛል። እኔ ጋዜጣውን ለማተሚያ ቤት ለመላክ እየዘጋሁ ነው ብዬ ቀረሁ። ያን ቀን የሚዘጋ ጋዜጣ አልነበረም።

ለምን? በእነዚህ ወራት ራሴን የጠየቅሁት ይህን ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ስሜ ከጽሑፌ በላይ በትልቁ ይታተም ነበር። እዚህ ስንመጣ በአንድ ማተሚያ ቤት የሌላ ሰው ብሮሹር የማጥፍና የማሽግ ሠራተኛ ሆንኩ። ያንን ቻልኩት፤ ጋዜጣችን ስላለች ሰው አሁንም «ጋዜጠኛው» ይለኝ ነበር። አንቺ ጽዳት እንደሆንሽ ከታወቀ ግን የቀረችኝ ስም የምትወድቅ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ይኸው ብቻ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው «ጥሩወርቅ የት ነው የምትሠሪው?» ሲልሽ እኔ ቀድሜ «አስተዳደር ውስጥ» እል ነበር። አንቺ ጫማሽን ታያለሽ። አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ስንመለስ ኤስ-ባን ባቡር ውስጥ ቦርሳሽን ጭኔ ላይ ጥለሽ «አስተዳደሯ ደክሟታል፤ ያዝላት» አልሽኝ። ሳቅን። ያኔ የሳቅሁት ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ ነው። አሁን ሳስበው ዕድል እየሰጠሽኝ ነበር።

በቀብርሽ ቀን ሔልጋና ሥራ አቋርጠው የመጡ ስድስት ሴቶች ከአዳራሹ ኋላ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ የሥራ ልብሳቸውን አልቀየሩም። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሽፈራው በዚያ ወፍራም ድምፁ ታሪክሽን አነበበ። እነሱ አማርኛ አይሰሙም፤ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ስንወጣ ሔልጋ በር ላይ እጄን ይዛ «የካንቲኑን ነገር ነገራችኋቸው?» አለችኝ። «አዎ፤ በሚገባ» አልኳት።

ገና ሳትቀበሪ ነው ይህን የተናገርኩት።

ሐና «ማን ናት?» ካለችኝ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር ሔልጋ ጋ ሄድኩ። ጡረታ ወጥታለች፤ ጫካው ዳር ትንሽ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ጉልበቷ ታሞ በከዘራ ትሄዳለች፤ ከዘራዋን ግን ለመሄጃ ሳይሆን ሰውን ለማመልከቻ ነው የምትጠቀምበት። ሻይ ሳታቀርብልኝ «ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ገጹም፣ ስለ ፖስተሩም፣ በር ላይ ስለዋሸኋትም።

«አውቄያለሁ» አለችኝ።

አማርኛ ሳትሰማ እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። «እኔ የካንቲኑን ታሪክ ሃምሳ ቦታ አውርቻለሁ፤ ሐዘን ቤትም ጭምር። የማይስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ማንም አልሳቀም» አለችኝ።

ከዚያ ከዘራዋን ወደ እኔ አዙራ እንዲህ አለችኝ፦ «እናቴ ጎረቤት ፊት ‹ይህቺ ልጅ የማን ናት?› ሲሏት ‹የማውቃቸው ሰዎች ልጅ ናት፤ እየጠበቅኩላቸው ነው› ትል ነበር። ትወደኝ ነበር እኮ። ማታ ማታ ፀጉሬን ስታበጥር ታለቅስ ነበር። ግን ቀን ቀን የሰው ልጅ ነበርኩ። ጥሩወርቅ ይህን ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። ስለ አንተ ግን አንድ ቀን አማርራልኝ አታውቅም። ‹ባሌ ይጽፈዋል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው› ነበር የምትለኝ።»

ጥሩዬ፣ ይህን ስሰማ የምገባበት ጠፋኝ።

በዜና ክፍል ያደግሁበት አንድ ደንብ አለ። የፊት ገጽ ስህተት የሚታረመው በፊት ገጽ ነው። ብዙ አዘጋጆች ይህን አይወዱትም፤ እርማቱን ወደ ውስጥ ወስደው ከማስታወቂያ ሥር ይደብቁታል። በወጣትነቴ በዚህ ጉዳይ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ለሐና ትክክለኛውን ጽፌ መስጠት ብቻ እንደማይበቃ ገባኝ። ያ ታሪክ የተነበበው በአዳራሹ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ሙት ዓመትሽ ደግሞ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ያው አዳራሽ፣ ያው ሕዝብ።

እኅትሽ እትዬ ሙሉ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት አስቀድሜ አዲስ አበባ ደወልኩላቸው። ተንተባተብኩ። እሳቸው አቋረጡኝና «ልጄ፣ እኔ ምኑን ነው የማላውቀው? ጓንቷን አድርጋ፣ ሰማያዊዋን ለብሳ፣ ከነዚያ ሴቶች ጋር የተነሳችው ፎቶ ሳሎኔ ቡፌ ላይ ነው ያለው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ያን ጊዜ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ በስልክ ሰምቼ ገርሞኛል፤ ግን የሐዘን ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ለካ አንቺ ማንንም ደብቀሽ አታውቂም። የደበቅሁሽ እኔ ብቻ ነኝ።

የከበደኝ አቶ ሽፈራው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጓደኛችን ነው፤ ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ።

«ሙት ዓመት ላይ የሕይወት ታሪክ ያነበበ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም። ግን ስህተት ተነቧል፤ የጻፍኩት እኔ፣ ያነበብከው አንተ» አልኩት።

«ጋዜጠኛው፣ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብለህ በስተርጅና አፍ አወጣህ? ለሷስ ምን ይጠቅማታል? ነፍሷን ይማር፣ ተከብራ ተቀብራለች። ደግሞ ስማኝ፤ አንተ የሷን ስትናገር ነገ ‹የእገሌስ ሚስት?› ይባላል፣ ‹እሱስ?› ይባላል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ‹አስተዳደር› እንዳለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን ተቆጣና ስልኩን ዘጋው። ለቄሳችን ለአባ ነገርኳቸው። እሳቸው ብዙም አላሰቡበት። «ውሸት ከሆነ ይታረም እንጂ። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ግን» አሉኝ።

ቀኑ ደረሰ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደ አዳራሹ ገባ። አቶ ሽፈራው ድምፅ ማጉያውን ሰጠኝ፤ ፊቴን ግን አላየም። ሔልጋና ሴቶቹ እንደ ባለፈው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሐና ከአጠገቤ ቆመች። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «እርማት። ባለፈው ዓመት በዚህ ስፍራ የተነበበው የባለቤቴ የወይዘሮ ጥሩወርቅ የሕይወት ታሪክ ስህተት ነበረበት። ስህተቱ የጸሐፊው ነው፤ ጸሐፊውም እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች።» ቃሉን የጻፍኩበት የመጀመሪያው ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ድምፄ ጠፋ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሐና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችውና በጣቷ እየተከተለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ማንበብ ቀጠለች። በሕዝብ ፊት አማርኛ ስታነብ አይቻት አላውቅም። ደረጃውን አነበበች፣ ባልዲዎቹን አነበበች፣ ገጹ ሞልቷል ያልኩሽን አነበበች። እዚያ ላይ ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች።

ከዚያ ካንቲኑ የገባችሁበት የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። የሕንፃው ኃላፊ መጥቶ ከራስጌሽ ቆሞ ስለ ደንቡ ይናገራል። አንቺ ደግሞ እየበላሽ ሰው ቆሞ ማየት አትችይም፤ አስተዳደግሽ ነው። «እንብላ» አልሽው፣ በአማርኛ። አልገባውም፤ ንግግሩን ቀጠለ። እንጀራውን ጠቅልለሽ ጉርሻ ዘረጋሽለት። ሐና «ጉርሻ» የሚለውን ስታነብ ከአዳራሹ ኋላ አንድ ትልቅ ሳቅ ፈነዳ። ሔልጋ ናት። ከአማርኛ የምታውቃት ቃል እሷ ብቻ ናት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ አፏን ይዛ ትንከተከታለች። ሐና ቀጠለች፦ ካንቲኑ ሙሉ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ያያል፤ እጅሽ አልታጠፈም፤ ሰውየው ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ክራባቱን ያዘና አፉን ከፈተ። አዋዜው ሲደርስበት ፊቱ ቀላ፣ ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሔልጋ ወንበር ሳበችለት፣ ተቀመጠ፣ ውሃ ሰጣችሁት። አብሯችሁ ተቀምጦ ውሃችሁን የጠጣ ሰው ያን ቀን ተነሱ ሊላችሁ አልቻለም። ትንፋሹ ሲመለስ ሁለተኛ ዘረጋሽለት።

አዳራሹ ሳቀ፣ ጥሩዬ። አባ ራሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ሳቁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙት እናት «እኔን! እኔን!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። ሰው ይህን ያህል የሚወድሽበትን ታሪክ ነው ያን ሁሉ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩብሽ። ሰዎቹ ሲስቁ እኔ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረት ነው። አንቺ ይህን ሳቅ በሕይወት ሳለሽ፣ እዚያው መካከላቸው ተቀምጠሽ ልትሰሚው ይገባ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጫማሽን እንድታዪ ያደረግሁሽ ጊዜ ሁሉ ከፊታችን የቆሙት እነዚሁ በፍቅር የሚስቁ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ሳይሆን ራሴን ነበር የፈራሁት።

ሁሉም ደስ አላለውም፤ ይህንንም ልንገርሽ። ሳይሰናበቱኝ የወጡ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን በአንገት ብቻ የሚመልሱ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔ ለመናገር የፈጀብኝን ጊዜ አውቃለሁ።

ኮት ልንወስድ ስንሰለፍ አቶ ሽፈራው ከኋላዬ ነበር። በማኅበራችን የሚታወቀው የአውሮፕላን ቴክኒሻን ሆኖ ነው። የኮቱን እጅጌ ፈልጎ አጥቶ ሲታገል ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የኔን የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። «ከቀደምከኝ» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ነው የጫንኩት። እሱን ጻፍ። ወገቤንም ጨምር» አለና ወጣ።

ለቤተ መጻሕፍቱ የሚላከውን ገጽ ከሐና ጋር ተቀምጠን ጻፍነው። ከስምሽ ሥር ሐና «ጽዳት ሠራተኛ፣ የሠራተኞች ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ የሰፈሯ ሕዝብ ተመራጭ» ብላ አስቀመጠች። ፖስተርሽ ላይ ቀዳሚ ያደረግሽው ጽዳት ሠራተኛነትሽን ነው፤ ያንኑ ተከትላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ እጄ እርሳሱን ይዞ ተመራጭ የሚለውን ወደ ፊት ሊያመጣው ተንቀሳቀሰ። ሐና እጄን አየችው። መለስኩት። ይህን የምነግርሽ ድኛለሁ ብዬ እንዳልዋሽሽ ነው። ኀፍረቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም፤ ድሮ በአንቺ አፍር ነበር፣ ዛሬ በራሴ።

ሐና አንድ ነገር ጨመረችበት። በመጨረሻው መስመር ላይ የሔልጋን ስም ጽፋ ከእሷ እንደተማርሽ፣ ከአንቺ በኋላ ደግሞ እነማን እንደገቡ ዘረዘረች። ዛሬ በሰፈሩ ምክር ቤት ከሚቀመጡት አንዷ በልጅነቷ እናቷ አንቺ ያለሽበት ሕንፃ ታጸዳ የነበረች ኤርትራዊት ናት። የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ላይ መጥታ ፎቶግራፍሽ ፊት ብዙ ቆመች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?» አለችኝ። ለካ ስለ እኔ ለሁሉም ተናግረሽ ነበር።

እንግዲህ ጥሩወርቅ፣ ዘግይቼ ጻፍኩት። ቀስ ብዬ እንደምጽፍ ታውቂ ነበር፤ ይህን ያህል እንደምዘገይ ግን አልጠረጠርሽም ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ስለ አንቺ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስምሽን ከነሥራሽ እነግራለሁ፤ አዲስ አበባም፣ እዚህም፣ በቤተ ክርስቲያን በር ላይም። የማስታውስሽ በነበርሽው ልክ ነው፤ እኔ በቆረጥኩሽ ልክ አይደለም። ይህን ቃል በሰው ሁሉ ፊት የምሰጥሽ የካድኩሽም በሰው ፊት ስለነበር ነው።

ባልሽ